ሁላችንም ለክተናቸዋል

ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። እማማ ክንዴ ነበር የምንላቸው። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ክፍላችን ይገባሉ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እጅጌያቸውን ይሰበስቡና "ይኸው ክንዴ" ይላሉ። ቅጽል ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። እውነተኛ ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እንዴት እንዳወቅኩት ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አራት ክፍል፣ ሁለት ቢሮና ስድስት መጸዳጃ ቤት ለሃያ አንድ ዓመት ብቻቸውን አጽድተዋል። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል ነው። ልጅቷን በዚያው መወልወያ አሳድገው ለቁም ነገር አበቋት፤ አሁን ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ሲያናድዳቸው በቀልድ ነው የሚቆጡት። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ጭቃ በነካ ጫማ ገና ያልደረቀውን ወለል አቋርጦ ሲሄድ፣ "ጌታዬ፣ ቢጠፉብን እንኳ በዱካዎ እናገኝዎታለን" አሉት። ዳይሬክተሩ ሳቀ፤ ጫማውን ግን አልጠረገም።

እኛ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኝነት የምንሠለጥን ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ነበርን። ሥራው ቤት ለቤት ዞሮ ማስተማር፣ መመዘን፣ መለካት፣ የታመመውን ሳይወድቅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። የምታሠለጥነን ነርስ ሲስተር ትባላለች። አንቱ የምትባል ሰው ናት፤ እኔም ድሮ ስለሷ ሳወራ አንቱ እላት ነበር። ለምን እንደተውኩት ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ።

ለደም ግፊት መለማመጃ የጎማ ክንድ ነበር አሉ። እኛ ከመግባታችን በፊት አየር ማስወጣት ጀመረና ሲስተር "እስኪጠገን" ብላ ኮሪደር ይወለውሉ የነበሩትን እማማን ጠራቻቸው። ያ "እስኪጠገን" ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። መጀመሪያ ሰሞን "እማማ፣ ቸግሮን ነው፣ ይተባበሩን" ትላቸው እንደነበር የቀደሙን ተማሪዎች ነግረውናል። እኛ ስንደርስ "ክንዴን ጥሯት" ሆኗል። በእድሜ እናቷ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ስትላቸው እኛም ዝም ብለን ሰማን።

ሁላችንም በእሳቸው ላይ መለማመድ ነበር የምንወደው። እርስ በርሳችን ስንለካካ ማዳመጫውን ጆሯችን ውስጥ ሰክተን ምንም አይሰማንም፤ የሰማን እየመሰልን ቁጥር እንፈጥራለን። የእማማ ምት ግን በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። "ለጀማሪ እንደሷ ያለ አይገኝም" ትል ነበር ሲስተር፣ ጥሩ ማስተማሪያ በማግኘቷ ደስ ብሏት። ምቱ ለምን እንደዚያ እንደሚያንኳኳ የጠየቀ የለም።

ሥርዓቱን ደግሞ ከኛ በላይ ያውቁት ነበር። የተደናገጠች ተማሪ ስትመጣባቸው ሲስተር ዞር እስክትል ይጠብቁና፣ "ልጄ፣ የመለኪያውን ጨርቅ ከክርኔ ከፍ አድርጊው፤ እንደሱ ከሆነ ነጥብ ትቀንስብሻለች" ብለው በሹክሹክታ ይመክራሉ። ስንቱን አሳልፈዋል። ከኛ መካከል አንዱ ረዥም ልጅ አየሩን መልቀቅ ረስቶ ጨርቁን እንደተነፋ ትቶባቸው ቁጥር ሲያሰላ፣ "አንተ፣ ክንዴን ይዘህ ልትቀር ነው?" ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት።

የተግባር ፈተናው አሥራ አራት ነጥብ አለው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርዝሯል። ሰላምታ መስጠት፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማሳረፍ፣ ክንዱን በልብ ትክክል ማድረግ እያለ ይሄድና አሥራ አራተኛው ላይ "ውጤቱን ለተገልጋዩ ማስረዳት" ይላል። ሲስተር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "አሥራ አራተኛውን እለፉት። ይኼ ልምምድ ነው፤ እሷ እንደሆነች የኛው ሰው ናት" አለችን። ከዚያም በየወረቀታችን ላይ አሥራ አራተኛው ፊት ለፊት ምልክት አደረገችልን። ያልሠራነውን ነጥብ በነፃ ሰጠችን፤ እኛም እሰይ ብለን ተቀበልን።

የኔ ፈተና ቀን እኔም ለካኋቸው። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ፤ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሲስተር ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚያዳምጥበትን ማዳመጫ አምጥታ አብራኝ ሰማች።

"አንድ መቶ ሰባ ስምንት በአንድ መቶ አሥራ ሁለት" አለች። "ትክክል ነሽ። ጎበዝ፣ ጆሮ አለሽ።"

በዚያው ሳምንት የጽሑፍ ፈተና ላይ "ግፊቱ ከመቶ አርባ በዘጠና በላይ ሆኖ የተገኘ ሰው ምን ይደረጋል?" ለሚለው "ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል" ብዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቼ ነበር። እና መቶ ሰባ ስምንት የሆነ ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ እኔ ለጆሮዬ ተደሰትኩ።

እማማ እጅጌያቸውን እየመለሱ፣ "ስንት መጣ ልጄ?" አሉኝ።

"አለፍኩ እማማ" ብዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

"እሰይ የኔ ልጅ። ሰው የምታድኚ ያድርግሽ" ብለው መረቁኝ። ከዚያ ግንባራቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙና፣ የበረኪናው ሽታ ጭንቅላታቸው ላይ እንደሚወጣ አጉረምርመው ወደ ኮሪደራቸው ሄዱ። እኔ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው ሴት።

ከሁለት ወር በኋላ ለመስክ ልምምድ ወጣን። ለኔ የደረሰኝ ከጋራዡ ጀርባ ያለው ሰፈር ነው፤ ሃያ ስምንት ቤት። ዘጠነኛውን በር አንኳኩቼ "ከማሠልጠኛው ነው" ስል፣ የከፈቱልኝ እማማ ክንዴ ናቸው። ቅዳሜ ስለነበር ቤት ነበሩ። ትንሽ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው አዩኝ።

"ድምፅሽን ነው ያወቅኩት" አሉ። "ፊትሽ ላይ ጉም አለ።"

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ሁለት ወንበርና ልጃቸው ከሥራ ቦታዋ ያመጣችው ትልቅ መስታወት። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። እኔ ቅጼን አወጣሁ። መጀመሪያው ጥያቄ "ሙሉ ስም" ይላል። አፍሬ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

አንድ መቶ ዘጠና ሁለት በአንድ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ቅጹ ላይ "ከዚህ በፊት ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑ ተነግሯቸው ያውቃል?" የሚል አለ። የታተመ ጥያቄ ነው፤ መዝለል አይቻልም። ጠየቅኳቸው።

"ማን ነግሮኝ?" አሉ። "ለምን፣ ከፍ ብሏል እንዴ?"

"ከፍ ብሏል እማማ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

ቅጹ ላይ አጎነበስኩ። ልጅቷ ፎጣውን አስቀመጠች።

"ራሴን፣ ዓይኔን ስትል ዓመት አልፏታል" አለችኝ። "ሐኪም ቤት ሂጂ እያልኩ ስነዘንዛት ምን ትለኝ ነበር መሰለሽ? 'በሳምንት ሠላሳ ሐኪም እየለካኝ ደግሞ ምን ልሆን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ብታመም ልጆቼ ይነግሩኝ ነበር።'"

እማማ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። "እውነቴን ነበር እኮ" አሉ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስል።

የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይላል የኛ ሰው። እሳቸው ግን ጠበሉን አልናቁም፤ አምነውት ነው የተቀመጡት። የናቅናቸው እኛ ነን። ያቺ ሴት ዝምታችንን የጤና ማረጋገጫ አድርገው ወስደውታል። ለካን፣ ዝም አልን፣ ስለዚህ ደህና ነኝ አሉ፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ አሳብ ማን ያስባል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል፤ የሰው ዓይን ነቅዞበታል።

የቀሩትን ቤቶች ትቼ ከልጅቷ ጋር ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሐኪሙ መድኃኒት አስጀመራቸውና በመብራት ዓይናቸውን አየ። የቀኙ ዓይን ውስጥ ደም ፈሷል፤ የዚያ ብርሃን አይመለስም አለን። ግራው ገና ነው፣ ግፊቱ ከወረደ ይተርፋል። "ከመቼ ጀምሮ ነው ከፍ ያለው? ለሕክምናው ማወቅ አለብኝ" ሲለን ልጅቷ እኔን አየች። እኔ መልሱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ወደ ማሠልጠኛው በሩጫ ሄድኩ።

መልሱ ያለው ሲስተር ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሁለት ዓመት ተኩል የፈተና ወረቀት። ሲስተርና ዳይሬክተሩ ቅዳሜም ቢሆን ለመስክ ልምምዱ ብለው ቢሮ ገብተው ነበር። ሳላስፈቅድ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ ዘጠና አራት ሆኑ። የመጀመሪያው ላይ አንድ መቶ ሃምሳ በዘጠና ስድስት ይላል። ከዚያ በየወሩ እየወጣ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ላይ የሲስተር ፊርማ አለ።

"ሲስተር፣ ይኼን ሁሉ ያውቁ ነበር" አልኳት።

ወረቀቶቹን አየች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ ነው" አለች። "ብታምም ትናገራለች ብዬ። ደግሞ እሷ ታካሚ አይደለችም፤ ካርድ የላትም።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሳቸው በምን ይወቁት? እኛ አይደለን ማዳመጫ የያዝነው?"

"አንቺስ አልለካሻትም?"

"ለክቻለሁ። የኔም እዚሁ አለ፤ ሰባ ስምንት በአንድ መቶ አሥራ ሁለት፣ 'ጎበዝ' ብለው ጽፈውበታል።" በንዴቴ መቶውን ዋጥኩት። ያን ሰዓት የኔ ግፊት ቢለካ መሣሪያው የሚችለው አይመስለኝም።

ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገባ። "ለማስተማሪያነት የተወሰደ ልኬት እንደ ሕክምና መረጃ አይቆጠርም" አለ። "በዚያ ላይ ወረቀቶቹ የተቋሙ ንብረት ናቸው። ከግቢ አይወጡም።"

"ክንዱስ የማን ንብረት ነው?" አልኩት።

ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ አልጠበቅኩትም። ዘጠና አራቱንም ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ሲስተር ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ጥበቃውም አልከለከለኝም፤ ሰላም ብሎኝ በሩን ከፈተልኝ።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጣቸው። በሥራ ዘመኑ እንዲህ የተሟላ የግፊት መዝገብ ያለው ታካሚ ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረን። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ለይቶ ያዘ። "ያኔ በቀን አንዲት ክኒን ይበቃቸው ነበር" አለ። እማማ ይሰማሉ። ልጃቸው ትሰማለች። እኔም ሰማሁ፤ ጆሮ አለሽ ተብያለሁ።

ሁለት ወር አለፈ። ማሠልጠኛው አዲስ የጎማ ክንድ ገዛ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ያልተገኘው ክንድ በአሥር ቀን መጣ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ለእማማ ደግሞ በመስታወት የታሰረ ምስክር ወረቀት ተላከላቸው፤ በግማሽ ዓይን ወለል አይወለወልም ተብለው ከሥራ በተሰናበቱ በሳምንቱ። ለክትትል ቤታቸው ስሄድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት አገኘኋቸው። ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ሞከሩትና ለኔ ሰጡኝ።

"ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። "ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን" ይላል። ስማቸው ላይ አንድ ፊደል ስተዋል።

"ሌላስ?" አሉ።

"ሌላ የለም እማማ። ማኅተምና ፊርማ ነው።"

"ግፊቴን አልጻፉትም?"

"አልጻፉትም።"

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ አውጪው ከመስታወቱ። ጀርባው ባዶ ነው አይደል? አንቺ ጻፊበት።"

ለካኋቸው። አንድ መቶ አርባ ስምንት በዘጠና ሁለት ሆነ። ገና ትንሽ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፣ የግራ ዓይናቸው ግን እየዳነ እንደሆነ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ምስክር ወረቀቱን ገለበጥኩና ስማቸውን አስተካክዬ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍኩበት፤ ከሥሩም ፈረምኩ።