ዓሣዎቹ የበሉት ቆጮ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ፣ ተማሪዎቼን ስለ ሆርሞን ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዓሣም ይርበዋል እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ጠመኔ እንደያዝኩ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስማር፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃ እንደሆነ፣ የአንድ መምህራችን የምርምር ረዳት ነበርኩ። በሲሚንቶ ገንዳዎች ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እናረባ ነበር። ገንዳዎቹን የሚጠብቁት እትዬ ዘይነባ የእንሴኖ ሰው ናቸው።

አንድ ጠዋት መምህሩ ጠሩኝ። «ነገ ደም እንወስዳለን። እስከዚያ ዓሣዎቹ ምንም እንዳይቀምሱ ለእትዬ ንገራቸው።»

ማስረዳት ያኔም ነፍሴ ነበር። ሰውነት ረሃብን ለአንጎል የሚያስታውቅበት ፔፕታይድ የሚባል መልእክተኛ እንዳለ፣ እሱን ለግማሾቹ ዓሣዎች በመርፌ እንደምንሰጥ፣ የእድገትና የመራቢያ ሆርሞኖቻቸውንም ከፍ ያደርግ እንደሆነ ከደማቸው እንደምናይ፣ ጭቃው ላይ በእንጨት እየሳልኩ ነገርኳቸው።

«ወላሂ? እንዲርባቸው ነው የምትወጓቸው?»

«አዎ!» አልኩ፤ ስለገባቸው ደስ ብሎኛል። «አያብሏቸው» የምትለዋን ዋናዋን ቃል ሳልናገር ሄድኩ።

በማግስቱ የመርፌውን መድኃኒት በጥብጠን ስንደርስ ውሃው ላይ የቆጮ ፍርፋሪ ተንሳፍፏል።

«ትናንት ምሳዬን ስበላ አፋቸውን ከፍተው መጡ» አሉ እትዬ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የራበው እያየኝ ብቻዬን ልጉረስ? ሀራም ነው።»

የበላ ዓሣ ሆርሞን ከተራበው ይለያል፤ የዚያን ቀን ደም ምንም አይነግረንም። የተበጠበጠው መድኃኒት አይቆይም፣ ሌላም አልነበረንም። የመምህሩ የወራት ልፋት ገንዳው ውስጥ ቀረ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

እትዬ ለአፍታ አዩኝ። «አዎ» አሉ፤ «ልጄ ብዙ ነግሮኛል።»

በሳምንቱ በእትዬ ቦታ ሌላ ጠባቂ መጣ።

ለተማሪዋ «ይርበዋል» ብዬ መለስኩላትና ቅዳሜ እንሴኖ ሄድኩ። እትዬ እዚያ ገበያ ቆጮ እንደሚሸጡ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ እግሬ ነበር እምቢ ያለኝ። አርጅተዋል፣ ግን ወዲያው አወቁኝ።

«እትዬ፣ ያኔ እኮ...» ብዬ አፌን ስከፍት፣ ቆጮ ቆርሰው አጎረሱኝ።

«ከስተሃል! መጀመሪያ ብላ።»

በላሁ። ገዢ መጣባቸው፣ ሌላም መጣ። ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቃል የማያጥረኝ ሰውዬ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነበር» የምትለዋን አንዷን ዓረፍተ ነገር ሳልናገር፣ ጠግቤ፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ።