ለጋሼ ጋሪ የሚሆን ባትሪ

ጋሼ ረቡዕ ማታ እራታቸውን ሳይጨርሱ ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ «ቅዳሜ እሄዳለሁ» አሉኝ። «ባትሪ ኖረም አልኖረም እሄዳለሁ። ቦርሳዬን ራሴ እሸከማለሁ።»

ሳህኑን አንስቼ ማድ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ማጠብ ጀመርኩ። ልባቸው ከታከመ ወዲህ ሐኪሙ የሚነግራቸው ሁለት ነገር ነው፤ ይራመዱ፣ ከባድ ነገር ግን እንዳያነሱ። የመጀመሪያውን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወሩታል። ሁለተኛውን የሰሙትም አይመስሉም።

እኔ እዚህ ቤት ለሥራ ስገባ ጎልፍ የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር። ዛሬም ቢሆን ትንሽ ኳስ ያን ያህል ርቀት መትቶ ተከትሎ መሄድ ምኑ እንደሚጥም አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ጋሼ ቅዳሜ ከጓደኛቸው ጋር ሜዳውን ዞረው ከመጡ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ከሬዲዮኑ ጋር ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። ካልሄዱ ሳምንቱን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር አይነሱም። ባትሪው ከሞተ ጀምሮ ደግሞ መስኮቱ ሥር ናቸው።

ባትሪው የጋሪያቸው ነው። ዱላዎቹን የያዘውን ቦርሳ የሚሸከም ባለሦስት ጎማ ጋሪ አላቸው። እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ ይሄዳል፤ እሳቸው እጃቸውን ጣል አድርገውበት ይከተሉታል። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ናት ያመጣችላቸው። ባትሪውን ግን አውሮፕላኑ አልጭንም ስላላት እዚሁ ተፈልጎ ተገጠመ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ባትሪ። እሱም ከመስቀል በኋላ ደከመና አንድ ቅዳሜ ዳገት መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጋሼ ጋሪውን ከነቦርሳው እስከ ላይ ጎትተው ወጡ። ቤት ሲገቡ ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር።

ሐሙስ ልጃቸው ደወለች። የነገሩኝን ነገርኳት።

«እትዬ፣ አንቺ መርካቶ ሂጂና ምረጪ። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ እኔው ልሂድ ይልሻል።»

«ኧረ በእመቤቴ! እኔ ስለ ባትሪ ምን አውቃለሁ?»

«ሽንኩርት ስትገዢ አንድ በአንድ አገላብጠሽ አይደል? እንደሱ አድርጊ።»

ሽንኩርት ቢበላሽ ይጣላል። ይሄኛው እንዲያ አይደለም። ከባዱን ዓይነት ብገዛ፣ ጋሼ እኔ ዞር ባልኩበት ከመኪናው የኋላ ኮፈን ያወጡታል፤ አውቃቸዋለሁ። ሊቲየም የሚባለውን ቀላሉን ብገዛ ደግሞ እሳት ፈራሁ። የጎረቤታችን ልጅ ስልኳን ትራስ ላይ ቻርጅ አድርጋ ትራሱ ሲነድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከሁለቱ ፍርሃት የትኛውን ይዤ ወደ ቤት እንደምገባ ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ማልጄ ጋሪውን አጣጥፌ በአንሶላ ጠቀለልኩና ኪዳን ለማድረስ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ላስቀምጥልሽ ብለው ሲቀበሉኝ፣ «የሕፃን ጋሪ ነው? ሕፃኑስ?» አሉኝ።

«ሕፃኑ ሽማግሌ ነው አባቴ፤ እቤት ተኝቷል» አልኳቸው። ተሳልሜ ስወጣ ገና እየሳቁ ነበር።

ባትሪ የሚሸጥበት መደዳ ስደርስ አብዛኛው ሱቅ ገና አልተከፈተም። ከተከፈቱት አንዱ ጋ ቆምኩ። ባለሱቁ ጢሙን አሳምሮ የከረከመ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ነው።

«ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ምን ላሳይዎት? የመኪና? የሶላር?»

«ለዚህ ነው» ብዬ ጋሪውን ዘረጋሁለት።

ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የጎልፍ ነው ወንድሜ። የዱላ ቦርሳ ይሸከማል።»

«ዱላ?»

ያን ጊዜ አንድ ተሸካሚ ከቁመቱ የሚበልጥ የልብስ ቦንዳ አዝሎ «ዞር በሉ! መንገድ!» እያለ ከጎጃም በረንዳ በኩል መጣ። ባለሱቁ ጮክ ብሎ፣ «ስማ! ዱላ የሚሸከም ማሽን መጥቶልሃል!» አለው።

ተሸካሚው ቀና እንኳ ሳይል፣ «እኔን የሚሸከም ሲመጣ ጥራኝ!» ብሎት አለፈ።

መደዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅ መጣብኝ፣ ግን አፈርኩ።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰ ባትሪ አውርዶ እጄ ላይ አኖረው። እንደ ዳቦ ቀለለኝ። በመለኪያው ሽቦ ነካ ነካ አድርጎ ቁጥሩን አሳየኝና፣ «ሙሉ ነው! ሊቲየም ነው! ይውሰዱት» አለ።

«ዳገት ይወጣል?»

«ሰማይ ይወጣል!»

«እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?»

«እስከፈለጉት!»

ሽንኩርት ሻጭም እንዲህ ሲለኝ ነው ከረጢቱን የምዘረግፈው። ባትሪውን ባንኮኒው ላይ መለስኩና፣ «ዞር ዞር ብዬ ላስብበት» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ መክፈቻዬ እኮ ነዎት! ቢስሚላህ ብዬ መክፈቴ ነው። ባዶ እጅዎን አይውጡብኝ።»

የመርካቶን ሰው ለማያውቅ ይህ የማሻሻጫ ልመና ይመስለዋል። አይደለም። በጠዋት መጀመሪያ የገባ ገዢ የቀኑ መክፈቻ ነው፤ እሱ ሳይገዛ ከወጣ ቀኑን የሚመጣው ሁሉ እንደሱ እያየ ያልፋል ብለው ይሰጋሉ። ለዚህ ነው መክፈቻን በርካሽም፣ በልመናም፣ በመሃላም የማይለቁት። የጎረቤቱ ባለሱቅ ከደጃፉ አንገቱን አስግጎ፣ «በቃ ዝጋና ሂድ ተኛ! ዛሬ አለቀልህ!» ብሎ አፌዘበት።

እኔ በገድ አላምንም። ቀኑን የሚከፍተው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን አሁን ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ የሰው ጠዋት አበላሽቼ እንዴት ልሂድ? ባትሪውን ደግሞ በይሉኝታ ልገዛ አልችልም፤ በይሉኝታ የተገዛ ባትሪ ነገ ዳገት ላይ ቢቆም ይሉኝታዬ ጋሪውን አይገፋልኝም። ዓይኔ ሲንከራተት ከጀርባው የተንጠለጠለ ጥቁር ናስትሮ አየሁ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበት።

«ያንን ናስትሮ ስጠኝ» አልኩት።

«ናስትሮ?»

«ናስትሮ። መክፈቻህ ይሁን።»

ትንሽ አየኝና ሳቀ። የሰጠሁትን ብር ግንባሩን አስነክቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ ትከሻው ወረደ፣ ድምፁ ቀዘቀዘ፣ በርጩማ ስቦ አቀረበልኝ።

«አሁን ይቀመጡ። ባትሪውን ማነው የሚያነሳው?»

በጥያቄው ደነገጥኩ፤ እኔን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያሳደረኝ ጥያቄ ነዋ። ሁሉንም ነገርኩት። ልባቸውን፣ ዳገቱን፣ የነገውን ቅዳሜ። ሲሰማኝ ቆየና ሰማያዊውን ባትሪ አንስቶ መደርደሪያው ላይ መለሰው።

«ይሄ ለእሳቸው አይሆንም። ውስጡ ከአሮጌ ባትሪዎች የተለቀመ ነው። ለሙዚቃ ማጫወቻ ይበቃል።»

«ታዲያ ቅድም ውሰጂ ስትለኝ አልነበር?»

«ቅድማ መክፈቻዬ ነበሩ» አለኝ፣ ሳያፍር። ይህ በቂ መልስ ነበር ለእሱ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ገባኝ።

ከሌላ ሱቅ አንድ ግራጫ ባትሪ አስመጣ። እሱም ሊቲየም ነው፤ ከሰማያዊው ትንሽ ይከብዳል፣ ከድሮው ድንጋይ ግን በብዙ ይቀላል። «የሚያነሱት እሳቸው ከሆኑ ከባዱ አይታሰብም» አለ። «ቀላል ግን ደህና መሆን አለበት። መለኪያው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ባትሪ ሁሉ ሙሉ ነው ይላል፤ ሥራ ሲሰጡት ነው የሚያውቁት። ካላመኑኝ ሁለቱንም እናሠራቸው።» ሁለት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች አወጣና አንዱን ከሰማያዊው፣ አንዱን ከግራጫው ጋር አያያዘ። ሁለቱም ቦግ አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ይጠብቋቸው።»

ጠበቅኳቸው። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ተሟገተ፣ ገዛ። ለምሳ ሲጋብዘኝ ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ አልኩት። ቆይቶ የጁምዓ አዛን ተሰማና መጥረጊያውን በሩ ላይ አጋደመው። «እትዬ፣ ሱቁን አደራ» ብሎኝ ምንጣፉን ይዞ ሄደ። ናስትሮ ብቻ ለገዛችው ሴት ሱቁን ጥሎላት ሄደ።

ውዳሴ ማርያሜን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ግን ከአምፖሎቹ አይነቀልም። አንድ ሰውዬ መጥረጊያው ጋ ቆሞ፣ «ባለቤቱስ?» አለኝ።

«ጁምዓ።»

«አንቺስ?»

«እኔ መብራት እየጠበቅኩ ነው።»

«ሁላችንም» ብሎ ሄደ።

እሱ ከሄደ ብዙም አልቆየ፣ የሰማያዊው አምፖል ጠፋ። አልደበዘዘም፣ አልቀላም፣ አልተንጠራወዘም። እንደበራ ድርግም አለ። ከበርጩማው ብድግ ስል መጽሐፌ ወደቀ። ጋሼን ዳገቱ መሃል ላይ አየኋቸው፤ እጀታውን ጨብጠው፣ ቁልፉን ደጋግመው ሲጫኑ። ከእሳቸውም ኋላ አባቴን አየሁት። አባቴ ከደብረ ታቦር ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ መንገዱ በተዘጋበት ክረምት፣ የጤፍ ጆንያ ሲያነሳ ነው የወደቀው። በስልክ ነው የሰማሁት። ለቀብሩም ለተዝካሩም አልደረስኩም። ጆንያውን ያነሳው ሌላ የሚያነሳለት ስላጣ ነው፤ ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ግን አውቀዋለሁ።

መጽሐፌን አንስቼ ተሳለምኩና ወደ ግራጫው ዞርኩ። እባክህ አልኩት፤ አምፖሉን ይሁን ፈጣሪዬን እንጃ።

ባለሱቁ ሲመለስ ከበሩ ላይ፣ «ጠፋ?» አለኝ።

«ጠፋ።»

«አልሃምዱሊላህ!»

«ተመስገን» አልኩ እኔም። የጎረቤቱ ባለሱቅ፣ «የገዛ ዕቃው ሲበላሽ የሚያመሰግን ነጋዴ!» ብሎ አጨበጨበ።

ግራጫው ጾሜን የምፈታበት ሰዓት አልፎም ይበራ ነበር። ያኔ ነው በቃ ያልኩት። ባለሱቁ ጋሪው ላይ ተሰክቶ የቀረውን የድሮውን ባትሪ ሶኬት ነቅሎ በአዲሱ ላይ በየደ፤ መጋጠሚያውን ሊሸፍን ዙሪያውን ፈለገና፣ «ናስትሮዎን ያበድሩኝ» አለኝ። በመክፈቻው ናስትሮ ጠቀለለው። ከዚያ እንደ ንስሐ አባት አስጠነቀቀኝ፤ ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ እንዳልሞላው፣ የድሮውን ቻርጀር እንድጥለው፣ ሰው ተኝቶ እንዳይሞላ፣ ከምንጣፍና ከመጋረጃ እንዲርቅ። እየደጋገምኩ ጠየቅኩት፤ እየደጋገመ መለሰልኝ።

ቅዳሜ ጋሼ፣ «አንቺ ደግሞ ወዴት?» ቢሉኝ፣ አየር ልቀበል ብዬ ተከተልኳቸው። እሳቸውና ጓደኛቸው ከፊት፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ። ጆሮዬ ጋሪው ላይ ነበር። እንደ ንብ እያጉረመረመ ይሄዳል። ትንሽ ባጉረመረመ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ያ ዳገት መጣ። ግማሹን ወጡ። ድምፁ ቆመ። ጋሪውም ቆመ።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በነጠላ ጫማ፣ ሣር ላይ ሮጥኩ። ስደርስ ጋሼ ቦርሳው ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን ሆነ? ባትሪው ነው?»

«የምን ባትሪ? ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ አቆምኩት።» ጓደኛቸውን እያዩ፣ «አየኸው? እኔን ትጠብቅ ብለው አምጥተዋት ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምታለከልከው» አሉ። ከንፈራቸውን አየሁ፤ ደህና ነው። ቁልፉን ተጫኑት። ጋሪው ዳገቱን ያዘው።

ባትሪው ማታ ማታ አይደለም የሚሞላው፤ ከሜዳ እንደተመለሱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ነው። ዛሬም ድረስ ጋሼ ባትሪውን ከመኪናው የሚያወጡት እኔ ጓዳ ስገባ ጠብቀው ነው። በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው አይቼ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ይላሉ። እኔም ድስት እንደሚያማስል ሰው ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ በርጩማዬን አውጥቼ አጠገቡ እቀመጥና ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን የሠርክ ጸሎቴን እዚያው አደርሳለሁ።

«ለባትሪው ነው የምትጸልዪው?» ይሉኛል ጋሼ በመስኮት።

«ለሚያነሳው ነው» እላቸዋለሁ። ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል።