ከሳጉሬ በኋላ ያለው ሳምንት

አቶ ኃይለየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮምባይነር የነዱ ሰው ናቸው። ስንዴ ቀድሞ የሚደርሰው ዝቅ ባለው አገር ነውና አጨዳው ከአቦምሳ በኩል ይነሳል፣ ኢተያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሳጉሬ ደጋ ይወጣል፤ እሳቸውም አብረውት ይወጡ ነበር። ዛሬ ትዝታቸው እንደ ጭላሎ ተራራ ጉም ነው፤ አንዴ ይገለጣል፣ አንዴ ይሸፈናል።

ኅዳር ሲገባ ደግሞ ይብስባቸዋል። ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በረንዳው ላይ ይቆሙና ልጃቸውን ዳናዊትን ይጠይቋታል።

«የት ነን?»

«አሰላ ነን፣ አባዬ። ቤትዎ ነዎት።»

መልሱ አይጥማቸውም። በሩን ከፍተው ውልቅ ይላሉ። በቀደም መናኸሪያ ድረስ ሮጣ ወደ ሳጉሬ ከሚሄድ ሚኒባስ ላይ አወረደቻቸው። የዚያኑ ዕለት ለግቢው በር ጓጉንቸር ገዛች፤ ግን አገር ላገር ሲዞር የኖረን አባት ቆልፎ ማስቀመጥ ሆዷ እንቢ አላት። ጓጉንቸሩም ኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጦ ያፈጥባት ጀመር።

ዳናዊት ከቤቷ ሆና ፕሮግራም ትጽፋለች። ሥራዋን የምታቅደውም ኮድ በምትጽፍበት ቴክስት ኤዲተር ውስጥ ባለው የየሳምንቱ የሥራ ሰሌዳ ነው። አንድ ቀን አባቷ ከኋላዋ መጥተው ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ጽሑፍ ጠቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳምንቱ ነው፣ አባዬ። በፈረንጆች አቆጣጠር አርባ ሰባተኛው።»

«ሳምንት ደግሞ ቁጥር አለው እንዴ?» ብለው ሳቁባት። «አሁን እኮ ኢተያ ነን!»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የዳናዊት ልብ ገና ያን ጊዜ አየ። ኮምባይነር ነጂዎች ጊዜን የሚቆጥሩት በሚያጭዱበት አገር ነበር። እሷ በየጠዋቱ «አሰላ ነን» ስትላቸው፣ እሳቸው የሚሰሙት ማሽኑ ጥሏቸው መሄዱን ነው። ምስኪን አባቷ!

የሳምንቱን ርዕስ የሚያወጣውን የኮድ መስመር ፈልጋ አገኘችና ከቁጥሩ ይልቅ ስም እንዲያወጣ አድርጋ ጻፈችው። በየትኛው ሳምንት የት ያጭዱ እንደነበር እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሯት፣ እሷ ኪቦርዱን እየመታች ጻፈች። ስም ያላገኘ ሳምንት በቁጥሩ ይቀራል። ፊደሉን አተለቀችው፤ ስክሪኑንም ወደ በረንዳው አዞረችው።

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይለየሱስ ጠዋት «ኢተያ» የሚለውን አንብበው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው አየሩ ላይ መሪ ያዞራል። ሌላ ሰው የማያየው ማሳ ፊታቸው ተዘርግቶ በዝግታ ያጭዱታል፤ አንዳንዴም የሌለ ረዳት ይቆጣሉ። ማታ ሲገቡ የሌለ ገለባ ከልብሳቸው ያራግፋሉ። ዳናዊት መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን እሷም መጥረጊያ ማንሳት ጀመረች።

ሳጉሬም ደረሰ፣ ሳጉሬም አለቀ። የገና በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቻ ወጣ። አቶ ኃይለየሱስ ቦርሳቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ይሄ የት ነው? ልጄ፣ የት ነው ያለነው?»

ዳናዊት ጓጉንቸሩን አየችው። ፈራች። ዛሬ ከወጡ ላታገኛቸው እንደምትችል ታውቃለች።

«አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ከሳጉሬ በኋላ ወዴት ይሄዱ ነበር?»

የአባቷ ፊት ቀስ እያለ በራ።

«ከሳጉሬ በኋላማ ማሽኑ ይቆማል። ጥሩነሽ ጋ ነዋ የምሄደው! ውሃ አሙቃ ትጠብቀኛለች፣ እግሬን ታጥበኛለች።»

ጥሩነሽ የዳናዊት እናት ናት። ከሞተች ጀምሮ ስሟ አንድ ቀንም ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ልጅቷም ረስተዋታል ብላ በሆዷ አዝናባቸው ነበር። አሁን እንባዋ እየወረደ ቁጥሩን አጠፋችና «ጥሩነሽ ጋ» ብላ ጻፈች፤ በየዓመቱ እንዲመለስም አደረገችው።

አባቷ አነበቡት። ቦርሳቸውን መሬት ላይ አኖሩ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው እግራቸውን ዘረጉ።

ዳናዊት ጓጉንቸሩን መሳቢያ ውስጥ ከታ ውሃ ልታሞቅ ገባች።