ከጋሻው የተቆረጠው

አባቴን በመጨረሻ ሕመሙ ያስታመምኩት እኔ ስለነበርኩ የአያታችን ጋሻ ለእኔ ደረሰኝ። የጎሽ ቆዳ ጋሻ ነው፤ እንደ እንጨት የደረቀ፣ የብር ጌጡ ግማሹ የረገፈ፣ መያዣው የላላ። ከጠርዙ ደግሞ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ጎድሎታል። በልጅነታችን ስለዚያ ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «በጣሊያን ጊዜ ባንዳ በጎራዴ የመታው ነው።» ታላቅ ወንድሜ ይህን ለስንት እንግዳ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

የአባታችን ሙት ዓመት ሲደርስና ዘመድ ሁሉ ጎንደር እኔ ቤት ሊሰበሰብ ሲል ወንድሜ ደወለልኝ።

«ጋሻውን አሠሪው» አለኝ። «ጎዶሎው በአዲስ ቆዳ ይሞላ፣ ቀይ ከፋይ ይልበስ። ሰው ፊት ተቦጭቆ አይሰቀልም።»

እሺ አልኩት። በነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ ኮርቻና ከበሮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። ሽማግሌው ወደ ብርሃን አዙረው ጎዶሎውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጎራዴ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጎራዴ እንዲህ አይቆርጥም። ይኸ ቆዳ በውሃ ርሶ፣ በቢላዋ ቀስ ተብሎ የተቆረጠ ነው። እይው፤ እዚህ ጋ ቆራጩ እጁ ዝሎ አርፏል፣ ከዚያ ቀጥሏል። ልለጥፈው እችላለሁ። ከለጠፍኩት ግን ይኸ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀራል። አስበሽበት ንገሪኝ።»

ጋሻውን መልሼ ጠቀለልኩና በማግስቱ በሚኒባስ ዳባት ወጣሁ፤ የአባቴ ታላቅ እህት እዚያ ገጠር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጋሻውን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጠው ጣቶቻቸው በቀጥታ ወደ ጎዶሎው ሄዱ። ሳቁ።

«ማን ነው የቆረጠው፣ አክስቴ?»

«እናቴ ናታ! አባቴ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ ሲገባ ጋሻውን ቤት ትቶት ነበር። ክረምቱ ገባ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን ተበጠሰ። የአርበኛ ሚስት ናት ብሎ ሰው ጣሊያንን ስለ ፈራ፣ ጠፍር የሚያውሳት ጠፋ፤ የሚያርስላትም ጠፋ። እሷ ምን አደረገች? ጋሻውን አወረደችና ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከዚያ ከጠርዙ ቆርጣ ለሞፈሩ ምራን አወጣች። እርፉን ራሷ ጨበጠች፤ እኔ በሬዎቹን ከፊት እስብ ነበር።»

«አያቴ ሴት ሆና አረሰች?»

«ምነው፣ ባታርስ አንቺ ከየት ትመጭ ነበር?»

የመንደሩ ሰው ዝናብ ታስቀርብናለች ብሎ አጉረመረመባት። ቄሱ ሳይቀሩ ከማሳው ዳር ቆመው ገሠጿት። አያቴ ግን እርፉን አልለቀቀችም፤ ገብሷን ዘርታ ልጆቿን አበላች። አያቴ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ስለ እሷ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አባቴ ተመልሶ ጋሻውን ሲያይ ሁለት ቀን አኮረፋት» አሉኝ አክስቴ። «በሦስተኛው ቀን እንግዳ መጣና ‹ምን ቆረጠው?› ብሎ ጠየቀው። አባቴ ‹ጎራዴ ነው› አለ። እናቴ ጠላ እየቀዳች ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ጎራዴ ሆኖ ቀረ።»

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሻውን አቅፌ ተናደድኩ። የአንዲት ሴት ሥራ ሦስት ትውልድ ሙሉ ለማናውቀው ባንዳ ተሰጥቶ ኖሯል። አሁን ደግሞ በእኔ እጅ ከፋይ ሊለብስ!

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። መያዣውን እንዲያጠብቁልኝ፣ የቀሩት ጌጦች እንዳይረግፉ እንዲያስሩልኝ፣ ጎዶሎውን ግን እንዳይነኩት። «ሸጋ» አሉ፤ ቅቤ እንዳልቀባው፣ ከእርጥበትና ከአይጥ እንድጠብቀው አስጠነቀቁኝ።

ወንድሜ ለሙት ዓመቱ ዋዜማ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ሲያየው ጮኸ።

«ምነው ይኸ? አላሠራሽውም?»

አክስቴ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኩት።

«ጋሻ ቆርጦ በሬ መጥመድ ክብር ነው? አያታችንን ልታዋርጂው ነው?»

«አያታችንማ ጋሻውን ቤት ትቶት ነው የዘመተው፣ ጋሼ። በዚህ ጋሻ የተዋጋችው እሷ ናት።»

«እሺ፣ ቢያንስ ነገ ሰው ፊት አታውሪ።»

«አወራለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ አማቻችን ወደ ግድግዳው እያየ «ምን ቆርጦት ነው?» አለ። ወንድሜ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩና ብድግ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። አንድ የአባቴ አጎት ልጅ «ይኸ አሁን የሚወራ ነው?» ብለው አጉተመተሙ። ከዳባት የመጡት አክስቴ ከተቀመጡበት ጥግ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ።

«እውነቷን ነው! በሬዎቹን የሳብኩ እኔ ነኝ፤ የሚጠራጠር እኔን ይጠይቅ!»

ወንድሜ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፤ ይህ ያመኛል፣ አልዋሽም። ያለፈው ሳምንት ሚስቱ ደወለች። ጎዶሎውን ካሠራሁ ሊታረቀኝ ፈቃደኛ መሆኑን ነገረችኝ።

«ለመታረቁ ዛሬውኑ ይምጣ» አልኳት፤ «ጋሻው ግን እንዳለ ይኖራል።»