ከሦስተኛው ፉርጎ የወጣው ጭስ

ልጅ ሳለሁ የምቀናው በሰው አሻንጉሊት ወይም በሰው ጫማ አልነበረም፤ አይቼው በማላውቀው ዋንጫ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክበብ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል ይባል ነበር። የእኛ መሆን ሲገባው። ይህን እየነገሩ ያሳደጉኝ የአባቴ አጎት፣ አባባ ወርቁ ናቸው።

የምንኖረው አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ለባቡር ሠራተኞች በተሠራው ረድፍ ቤት ነበር። አባባ ወርቁ ሐዲድ ሲጠግኑ አርጅተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሥራ ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ አረንጓዴ መስታወት ያለው ፋኖስ ብቻ ነው። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ገና ሲመሻሽ ፋኖሱን ይለኩሱና ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ወሬያቸውን ይጀምራሉ። የሌላው ቤት ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያወራል፤ የእኛ ቤት ተረት ግን ኳስ ነበር። የፋብሪካው ቡድን ኳሱን ሲይዝ ፋኖሱን በቀዩ በኩል ያዞሩብናል፣ የእኛዎቹ ሲይዙት በአረንጓዴው፤ ግድግዳው አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ ሲሆን፣ ውጤቱን እያወቅሁት እንኳ ልቤ ትንጠለጠል ነበር።

ቡድናችን የተጀመረው በጨርቅ ኳስ ነው። ሐዲድ ጠጋኞች፣ ጫኝና አውራጆች፣ አንድ ትኬት ቆራጭ ሆነው ከሐዲዱ ጎን ያለውን ሜዳ ድንጋዩን ለቅመው አስተካከሉት። ማልያውን በርሜል ውስጥ ቀይ ቀለም የነከሩት ራሳቸው ናቸው፤ ዝናብ ሲመታቸው ቀለሙ ለቆ እስከ ጉልበታቸው ይወርዳል። የፋብሪካው ቡድን ከእኛ በኋላ ነው የመጣው። ግን ማልያውን የሚሸምንለት ፋብሪካው ነው፣ አሠልጣኝ አለው፣ መኪና አለው፤ ጎበዝ ተጫዋች ካየም ሥራ ሰጥቶ ይወስዳል። ከእኛ ሦስት ወስዷል። አባባ ወርቁ የእነዚህን የሦስቱን ስም ጠርተው ምድጃው ውስጥ እንትፍ ይሉ ነበር።

ለእኔ ፋብሪካ ማለት ሮማን ነበረች። አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ ጋሽ ከበደ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ የድሮ አጥቂም ነበሩ። ፋብሪካው በየበዓሉ ጨርቅ ስለሚያድል ሮማን በየበዓሉ አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች። እወዳት ነበር። ብዕሯ ቀሚሷ ላይ የተፋባት ቀን ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

የአባባ ወርቁ ትልቁ ተረት የዋንጫው ቀን ነው። ያኔ በረኛ ነበሩ። የባቡር ሠራተኛ የሆነ ሰው ባቡር ሲያልፍ የያዘውን ትቶ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ያዞራል፤ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ያያል፣ የሚጨስ ካለ ለነጂው ምልክት ይሰጣል። ሥራ ላይም ይሁን ሠርግ ላይ፣ ይህ አይቀርም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ለአንድ እንደሆኑ፣ ባቡሩ መጣ። አባባ ወርቁ ዞሩ፤ ከሦስተኛው ፉርጎ ሥር ጭስ አዩ። ጎሉን ጥለው፣ ቀይ ማልያቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ሮጡ፣ ባቡሩም ቆመ። ከኋላቸው የሮማን አባት ኳሷን ባዶ ጎል ውስጥ አንከባለሏት። «እነሱ ዋንጫ ወሰዱ፣ እኛ ነፍስ አዳንን» ይሉና ፋኖሱን በአረንጓዴው ያዞሩታል።

ይህን ለሮማን ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አላስታውስም። አዲስ ቀሚስ በለበሰች ቁጥር እነግራታለሁ።

አንድ ፋሲካ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ልጆች ግብዣ አደረገና ሮማን «እህቴ ናት» ብላ ይዛኝ ገባች። ዋንጫውን አየሁት። ካሰብኩት ያንሳል፣ አንዱ ጆሮውም ጠሟል፤ ያም ሆኖ አንጀቴ አረረ። ጋሽ ከበደ ከኋላችን ሲመጡ አላስቻለኝም፤ ሰው ሊያድኑ የሮጡ በረኛ ላይ የገባ ጎል እንደሆነ፣ ዋንጫውም የእኛ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«የምን ጭስ ነው፣ ልጄ?»

ባቡሩ እንደ ወትሮው አልፏል፣ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። አባባ ወርቁ ብቻ ሳይሆኑ አሥራ አንዱም እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መንኮራኩር ያዩ ነበር። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ ጋሽ ከበደም መቱ። ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ ያፈሩም መሰለኝ። ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርቱካን አንስተው አንዱን ለሮማን፣ አንዱን ለእኔ ሰጡን። የእኔን ሳልልጠው ይዤው ቤት ገባሁ።

ማምሻውን ፋኖሱ በራ፣ ተረቱም ተጀመረ። ሦስተኛው ፉርጎ ጋ ሲደርሱ ባቡሩ በእርግጥ ቆሞ እንደነበር ጠየቅኳቸው። አባባ ወርቁ ፋኖሱን ሊያዞሩት እጃቸውን ሰደዱና መለሱት፤ ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር።

«አልቆመም» አሉ በመጨረሻ። «ጭሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እነሱ ማልያ ነበራቸው፣ ጫማ ነበራቸው፣ ዋንጫውንም ወሰዱ። እኔ የተሸነፍኩበት ምክንያት እንኳ አልነበረኝም። ቀናሁ፣ ልጄ።»

ትልቅ ሰው «ቀናሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ብርቱካኑን ሰጠኋቸው። ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ያወቁ ይመስለኛል፤ ቀስ ብለው ላጡት፣ ለሁለት ከፈሉት፣ ቀመሱት። ጣፋጭ መሆኑ እንዳናደዳቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

ዛሬ ያ ሜዳ የሱቅ መደዳና የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል፤ ሁለቱም ቡድኖች የሉም። የፋብሪካው ክበብ ሲዘጋ ዋንጫውን ለጋሽ ከበደ ሰጧቸው፤ አሁን ኮዬ ፈጬ፣ በሮማን ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አባባ ወርቁ ካረፉ ቆይተዋል፤ ፋኖሱ እኔ ጋ ነው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን የአባባ ወርቁን ድምፅ ሳልረሳ ያቆየኝ እሱ ይመስለኛል።

ባለፈው ሮማንን ልጠይቅ ስሄድ ልጄ ዋንጫውን አንስቶ የምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጭሱ ከየት እንደወጣ ሲጠይቀኝም ሳላመነታ «ከሦስተኛው ፉርጎ» አልኩት። ሮማን ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። እውነቱን አባቷ ሲናገሩ አብራኝ ሰምታዋለች። ከዚያ የልጄን ብርጭቆ ሞላችለት። ዋንጫው የእሷ ነው፤ ጭሱን ግን ተወችልኝ። እንዲህ መተው መቻሏም አስቀናኝ።