አጫዋቿ የመሪጌታ ልጅ

ምስጢር ህሩይ በአንድ ክለብ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጣ አታውቅም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት መለያ ለብሳለች። ያሠለጠኗት ሰዎች ስለ እሷ ሲጠየቁ፣ ተነጋግረው ያጠኑት ይመስል፣ የሚሉት አንድ ነው፦ «ዓይኗ ያያል፤ እግሯ ግን አያርፍም።»

የተወለደችው ጎንደር፣ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ነው። አባቷ መሪጌታ ህሩይ የአቋቋም መምህርና የማኅሌት መሪ ናቸው፤ ግቢያቸው ከጠዋት እስከ ማታ ከተማሪ አይጎድልም። ታላቅ እህቷ አመተ ሥላሴ ስፌቷን ይዛ ከአንድ በርጩማ ሳትነሳ ትውላለች። ምስጢር ግን መልእክት ስትላክ ሮጣ ሄዳ፣ ሮጣ ተመልሳ፣ «ሌላስ?» ትል ነበር። እናቷ እማማ እጅጋየሁ አንዳንዴ የሚልኳት ነገር ያጡ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል እያለች የስፖርት መምህሩ አስናቀው ለትምህርት ቤቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ልጆች መረጠ። ረጃጅሞቹን ብቻ ነበር የፈለገው፤ ምስጢርን ዞር ብሎም አላያት። ጨዋታው ተጀምሮ ኳሷ ከሜዳ ወጥታ ወደ እሷ ስትንከባለል ግን አነሳቻትና፣ በሦስት ተጫዋቾች መሀል አሾልካ ከቅርጫቱ ሥር ለቆመች ልጅ ወረወረችላት። ልጅቱ ራሷ ነጻ መሆኗን አላወቀችም ነበር።

«አንቺ አጭሯ፣ እስቲ ነይ» አላት አስናቀው። «እዚያ ማንም እንዳልያዛት እንዴት አየሽ?»

«ቆማ ነበራ!»

አስናቀው ሳቀ። «በይ አጫዋች ትሆኛለሽ።» አጫዋች ማለት ኳሷን ከኋላ እያነጠረች የምታመጣው፣ ማን የት እንደሚሮጥ የምትጠራው፣ ቡድኑ ሁሉ እጇን የሚያይላት ናት። ቁመት የግድ አይላትም። ከማሰቧ በፊት ማየት ግን አለባት።

ቤት ውስጥ ወሬው ሲሰማ መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። «የካህን ልጅ ቁምጣ ለብሳ በአደባባይ?»

«ሱሪ ትለብሳለች፤ እኔ አሰፋላታለሁ» አሉ እማማ እጅጋየሁ።

መሪጌታ «ቅዳሴ ካላጎደለች» ብለው ተነሡ። ፈቃዳቸው ያ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አላነሱም፤ አንድ ቀንም ሊያዩዋት አልሄዱም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ አስፈረማት። የመጀመሪያውን ዓመት ከተጠባባቂዎች ጋር ተቀምጣ፣ ጉልበቷን ያለማቋረጥ እያወዛወዘች አሳለፈች። አጠገቧ የምትቀመጠው ተጫዋች ወንበሩ ሲነቃነቅባት ጭኗን በእጇ ትይዝላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቋሚ ሆነች፤ ዓመቱ ሳያልቅም ወደ ሌላ ክለብ ሄደች። ለምን? አሠልጣኙ ቀስ ብላ እንድትጫወት ስለሚፈልግ። ሦስተኛው ክለብ ተስማምቷት ነበር፤ እንዳይሰለቻት ፈርታ ለቀቀችው። አራተኛው የሴቶቹን ቡድን በተነው። ለብሔራዊ ቡድን ከተጠሩት አሥራ አራት ተጫዋቾች አንዷ ሆና፣ ሁለት ልጆች በሚቀነሱበት ቀን ስሟ ከተቀነሱት ጋር ተነበበ። ጓደኞቿ ሊያጽናኗት ክፍሏ ሲመጡ አልጋዋ ተነጥፎ አገኙት። አውቶቡስ ላይ ነበረች።

በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ማንም ሳይነካት፣ ወደ ቀኝ አሳስታ ወደ ግራ ስትታጠፍ የግራ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ሰማች። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ውሏ ሲያልቅ አምስተኛው ክለብ አላደሰላትም። እያነከሰች ጎንደር ገባች።

ያኔ በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ምስጢር ግቢው ውስጥ በምርኩዝ ከበር እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በር ትመላለሳለች። እሷን እያዩ የአባቷ ተማሪዎች የቃል ትምህርታቸውን መያዝ አቃታቸው። መንገዱ በተከፈተ በአንዱ ሳምንት እናቷ ደጋው ኮሶዬ ወደሚኖሩት ወንድማቸው ወደ አያ ውዱ ላኳት፤ «ብርዱ ያሳርፋታል» ብለው።

አያ ውዱ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። እሷ ግን እዚያም አላረፈችም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንድትራመድ ነግሯት ነበርና ጉም ሳይነሳ ወጥታ ዳገቱን ትያያዘዋለች። ከጫፍ ስትደርስ ገደሉንም ቆላውንም ሳታይ ትመለሳለች። ከሰዓት ደግሞ ትደግማለች። በሦስተኛው ሳምንት አያ ውዱ ከማሳቸው ዳር ቆመው ጠበቋት።

«ምነው ልጄ» አሏት፣ «ማነው የሚያሳድድሽ?»

«ማንም አያ ውዱ። ጉልበቴን ላጠነክር ነው እንጂ።»

«ጉልበት እንኳ አይመስልም። እኔ የሰው አካሄድ አውቃለሁ። ሰው አባርሮት የሚሄድና ሰው ሳያባርረኝ ልሂድ ብሎ የሚሄድ አይመሳሰልም።»

ልትስቅ አስባ ሳለ እንባዋ መጣ። ካቡ ላይ ተቀመጠች። አምስቱን ክለቦች፣ ያን የተነጠፈ አልጋ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አያ ውዱ የቅርጫት ኳስ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ ግን እስክትጨርስ አልተንቀሳቀሱም። ስታበቃ «ሸጋ። በይ ባቄላውን አብረን እንልቀም» አሉና ወደ ማሳው ገቡ። እስከ ማታ ለቀሙ።

ከአምስት ወር በኋላ ጎንደር ተመልሳ የድሮ ትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ኳስ ማንጠር ጀመረች። አስናቀው ጠጉሩ ሸብቷል፤ ፊሽካው ግን ያው ነው። የከተማውን ልጃገረዶች ሰብስቦ ቡድን ሠርቷል፤ ከባሕር ዳርና ከደብረ ታቦር ጭምር ቡድኖች የሚመጡበት ውድድር እዚያው ጎንደር ሊካሄድ ነበር። «አጫዋች የለኝም» አላት። መለያም ሰጣት።

ከልምምድ በኋላ ግቢ ውስጥም ኳሷን ሳታነጥር አትውልም። አንድ ቀን መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ወደ እሷ መጡ። ልትቀጣ እንደተያዘች ልጅ ኳሷን ብብቷ ሥር ከተተች።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን የሠራሽው ሥራ ምንድን ነው? ቅርጫቱ ውስጥ የምትከቺው አንቺ ነሽ?»

«አንዳንዴ ነው አባባ። እኔ እጀምራለሁ፤ ለሌሎቹ እሰጣለሁ። የሚያስቆጥሩት እነሱ ናቸው።»

«አንቺ ስትጀምሪ ተሳስተሽ ከሆነስ?»

«ሁሉም ይሳሳታል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ይህማ የእኛ ሥራ ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ፣ «ጨዋታው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

የፍጻሜው ዕለት ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ተመልካቹ ተንሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ምስጢር አባቷን ስታይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ለተቃራኒ ቡድን ሰጠች። ቀስ በቀስ ግን ጨዋታው ያዛት። ቡድኗ በአሥር ነጥብ ተመርቶ፣ አምስት አደረሰው፣ ሦስት አደረሰው። ስድስት ሴኮንድ ሲቀር ከባሕር ዳር የመጣው ቡድን በአንድ ነጥብ ብቻ ይመራ ነበር፤ ኳሷም በምስጢር እጅ ነበረች።

ሁለት ተከላካዮች መጡባት። ልትወረውር ትችል ነበር፤ እጇም ተነሥቷል። በዚያው ቅጽበት ኤሌኒን አየቻት፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ረጅም ልጅ ከቅርጫቱ በስተግራ ብቻዋን ቆማለች። ኳሷን በሁለቱ ተከላካዮች መሀል፣ መሬት አስነክታ ሰደደችላት። ኤሌኒ ዘለለች፣ ወረወረች። ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ዞራ ዞራ በውጭ ወረደች። ፊሽካው ተነፋ።

ኤሌኒ ሲሚንቶው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ምስጢር አነሳቻትና ልብሷን አራገፈችላት። በልቧ ግን አንድ ጥያቄ ይመላለስ ነበር፦ እኔው ብወረውርስ? ወደ አባቷ ስትሄድ ዓይናቸውን ማየት ፈራች።

«ያቺ ልጅ ሳተች» አሉ መሪጌታ።

«አዎ አባባ። ተሸነፍን።»

«መሸነፉን አየሁ። ኳሷ ግን እሷ ዘንድ ደርሳለች። ማንም አላያትም ነበር፤ እኔም እዚህ ከፍ ብዬ ተቀምጬ አላየኋትም። አንቺ አየሻት።» ጋቢያቸውን አጣፉና፣ «ሥራሽ ያ ከሆነ ሠርተሻል» አሉ።

ይህ ቃል አሳረፋት ማለት አይቻልም። ለሳምንታት ያቺን የመጨረሻ ኳስ በሐሳቧ ደግማ ደጋግማ ተጫወተቻት፤ አንዴ ለኤሌኒ እየሰጠች፣ አንዴ ራሷ እየወረወረች። በሐሳቧ ራሷ የወረወረቻት ሁሉ ትገባለች፤ እሷም ይህን አላመነችም።

በክረምቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። የደወለው የአንድ ክለብ አሠልጣኝ የውድድሩን ተንቀሳቃሽ ምስል አይቷል። ቡድኑ ወጣት እንደሆነ፣ ልምድ ያላት አጫዋች እንደሚፈልግ፣ በየጨዋታው ቋሚ ትሆናለች ብሎ ግን ቃል እንደማይገባላት ነገራት። «እንደ ልማድሽ የአንድ ዓመት ውል እናዘጋጅ?»

ምስጢር ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሄደች። ውጭ የአባቷ ተማሪዎች መቋሚያ ይዘው እየዘመሙ ነበር።

«የሦስት ዓመት አድርገው» አለች።

«ጉልበትሽስ ሦስት ዓመት ይችላል?»

«እኔም አላውቅም» አለች ምስጢር። «ግን እናንተ ሂጂ እስክትሉኝ አልሄድም።»