ኪሳራ የማያውቅ ሸሪክ

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። እንግሊዝኛውንም የሸሪዓ የንግድ ሕጉንም ለብቻዬ የተማርኩት ኦክላንድ ከተማ ፍሩትቬል ሰፈር ውስጥ መኪና ማቆሚያ ስጠብቅ ነው። ዛሬ በመስጊዳችን ውል የሚፈርም ሰው አስቀድሞ ለእኔ ያሳያል፤ ባለዲግሪዎቹም ጭምር።

ልጄ በወለድ አልበደርም ብላ አሥራ አንድ ዓመት ሪችመንድ ተከራይታ ኖረች። አከራይዋ ቤቱን ልሸጠው ነውና ልቀቂ ሲላት ካስትሮ ቫሊ አንድ የሚሸጥ ቤት አገኘችና ሳን ሆሴ ወዳለ «ኢስላማዊ» የቤት ፋይናንስ ኩባንያ ይዛኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ዝም እንድል ለመነችኝ።

ሥራ አስኪያጁ የአገራችን ልጅ ነው፤ የእጅ ሰዓቱ ከመኪናዬ ይወደዳል። በቢስሚላህ ጀምሮ ስለ ዓለም ገበያና ከለንደን፣ ከኳላ ላምፑር ባንኮች ጋር ስላላቸው ውድድር ሰበከን። እኔ ውሉን አነባለሁ። ቤቱን ከልጄ ጋር በሽርክና ይገዛሉ፤ እሷ ድርሻቸውን ቀስ በቀስ ትገዛቸዋለች፣ እስከዚያው ኪራይ ትከፍላቸዋለች። መልካም። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ሽርክናው አለቀ።

«ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያሠራል?» አልኩት።

«እሷ ናት፣ ሐጂ።»

«ዋጋው ወርዶ ቢሸጥስ?»

«ኪሳራው የእሷ ነው። ማርኬቱ እንደዚህ ነው፤ ባንኮቹም እንዲሁ ናቸው።»

«ታዲያ አንተ ለሠርግ መጥቶ ለለቅሶ የሚጠፋ ዘመድ ነህ።»

ልጄ እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ ፕሊስ፣ ዲሉን ታበላሽብኛለህ» አለችኝ። ውሉን ኪሴ ከትቼ ተነሳሁ።

እነዚህ ሰዎች ባንክን እየቀዱ ከባንክ ጋር እንወዳደራለን ይላሉ። ባንክ የፈለገ ባንክ አለለት፤ ቅጂው ምን ያደርግለታል? እንዲህ ከቀጠሉ የወደፊት ዕጣቸው ማንም የማይጠቀምበት የግድግዳ ጌጥ መሆን ነው።

በማግስቱ ኦክላንድ ካለው ተፎካካሪያቸው ውል አመጣሁ። ኪራዩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኪሳራን ግን በድርሻ ይካፈላል። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለትና ስትሰብክልን የነበረው ውድድር ይኸው አልኩት። አለቆቹ ጋ ደወለ። በሦስተኛው ቀን የኪሳራው አንቀጽ ተለወጠ። ጥገናውን ለመካፈል ግን እምቢ አሉ፤ ልጄም ፈረመች።

እንግዲህ የሠራሁት ይህ ነው። ልጄን ያለ ወለድ የቤት ባለቤት አድርጌአለሁ። ያንኑ አንቀጽ በሦስት ሌሎች ቤተሰቦች ውል ውስጥ አስገብቻለሁ። አንድ ሰባኪ ሥራ አስኪያጅ የራሱን ውል እስከ መጨረሻው እንዲያነብ አስገድጃለሁ። ሦስት ዲግሪ ያለው የኩባንያው የሸሪዓ አማካሪም ሐሳቤን ሊጠይቅ ደውሎልኛል፤ ጊዜ ሳገኝ እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁ።